አልወጣም ያሉት ሴትዮ

አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሮማኒያ ውስጥ፣ ማራሙሬሽ ያለችውን የመንደራችንን አሮጌ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ከየአቅጣጫው በፎቶ ቀርጸው ምስሏን ኮምፒውተር ላይ ሊያቆሙ ኢንጂነሮች ከከተማ መጡ። መብራት ያዡ እኔ ነበርኩ። አንዲት የመንደራችን አሮጊት እንደ ልማዳቸው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ሻሽ፣ የጎማ ጫማ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ። የሟች ባላቸውን ትንሽ የገለባ ባርኔጣ በእጅጌያቸው ጠረግ አድርገው አጠገባቸው አኖሩ።

«እማማ፣ ፎቶው ውስጥ እየገቡብን ነው፤ እስኪ ወጣ ይበሉልን» አለ ኢንጂነር ቲቤሪዩ።

«አንተ ውጣ! ስትመጣ እዚሁ አይደል ያገኘኸኝ?»

ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሲገጣጥም የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ይጥላል። ስንዋከብ የዋልነው እኛ ጠፋን። እሳቸው ግን ሳይነቃነቁ ሲጸልዩ ስለዋሉ ከነባርኔጣው ምስሉ ላይ ቁጭ ብለው ወጡ።

«ይሄ ትርፍ ነው» ብሎ ቲቤሪዩ እሳቸውንም ባርኔጣውንም በአንድ ጠቅታ ከምስሉ ጠረገ። ደሜ ፈላ! ምእመን የሌለው ቤተ ክርስቲያን ከጎተራ በምን ይለያል?

ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው ባዶውን አግዳሚ አዩት።

«እኔስ ግድ የለም፣ ይኸው አለሁ» አሉ። «የሱን ባርኔጣ ግን ቦታው መልስ።»