የፍርግርጉ በር

ጻፊ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ። ቶሎ ቶሎ ጻፊው፤ እኔ ስለዚያ ቀን ሳወራ አፌ አይቆምልኝም።

አያትሽ ጠብመንጃ ጠጋኝ መሆኑን ታውቂያለሽ። ማረሻና ማጭድም ይሠራ ነበር፤ ግን ማጭዱ ከቡሬ ሱቅ ተሠርቶ መምጣት ከጀመረ ወዲያ ማን ያሠራል? ቤታችንን ያቆመው ጠብመንጃ ነው። ሰደፉ የተሰነጠቀበት፣ ምላጩ የላላበት፣ ሁሉም ከጅጋ ገበያ መልስ እኛ ዘንድ ጎራ ይላል።

መሥሪያው መንገድ ዳር፣ ከዋንዛው ሥር የነበረችው ዳስ ናት። ግድግዳ የላት፣ በር የላት። ምሰሶና የሣር ክዳን፣ በቃ። ድህነት እንዳይመስልሽ! ባለእጅ ነና። በር ዘግቶ የሚሠራ ባለእጅ ምን ይባላል? ክፉ ክፉው ነው የሚባለው፤ አላነሣውም። ደግሞስ ያገራችን ገበሬ ጠብመንጃውን ሰው ዘንድ ጥሎ ይሄዳል? ከዳሷ ፊት ካለችው ደንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ አልቆ እስኪሰጠው ይጠብቃል። አያትሽም እየሞረደ ወሬውን ይሰማል። እንዲህ ነው የኖርነው።

ኋላ ያ ደንብ መጣ። ቀበሌ ሰብስበው ነገሩን። ጠብመንጃ ያለው ፈቃድ ያውጣ፤ ጠጋኙም ፈቃድ ያውጣ፤ ፈቃድ የሌለውን ሰው ጠብመንጃ ጠጋኝ እንዳይነካ። እስከዚህ ደግ። ቀጥለው ግን «የጠጋኝ ቤት ግድግዳና የሚቆለፍ የብረት በር ይኑረው፤ ኅዳር ሚካኤል እንዳለፈ መጥተን እናያለን፤ ከሌለው መጠገን ክልክል ነው» አሉ።

ግድግዳውን በደንጋይና በጭቃ አቆምነው። ታዲያ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ሰው እየራቀ ሄደ። አንድ ጎረቤታችን አለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያች ደንጋይ የማይጠፋ ገበሬ። ጠብመንጃውን ሊያሠራ መጣና ግድግዳውን ቆሞ አየው።

«አያ፣ ዘግተው ሊሠሩ ነው?»

«ደንቡ ነው እንጂ እኔ መች ወደድሁ» አለው አያትሽ።

«እንግዲያስ ይቆየኝ» ብሎ ጠብመንጃውን መልሶ አነገተና ሄደ።

ያን ለት አያትሽ እህል አልቀመሰም። «ብዘጋ ሰው ይቀርብኛል፤ ባልዘጋ ፈቃዱ ይቀርብኛል፤ የቱን ልያዝ?» አለኝ።

ብቻ በሩን ጀመረው። ክፈፉንና ዘንጎቹን ጅጋ አስበይዶ አመጣ። በላዩ የሚለጠፈው ላሜራ ደግሞ ከቡሬ በሚኒባስ ይመጣል ተባለ። መኪናው ተበላሸ አሉን። ነገ አሉን። ከነገ ወዲያ አሉን። ላሜራው ሳይመጣ በሩን የሚያዩት ሰዎች መጡ!

«ከፍኖተ ሰላም መጡ!» ሲሉ ሰማሁና ሮጬ ወጣሁ። ያን ሁሉ ገላጣ ፍርግርግ ሳይ ደነገጥሁ። የእህል ማስጫ ሰሌኔን መንጭቄ ከበሩ ላይ አሰርሁት። እናንተዬ፣ የብረት በር በሰሌን!

ሹሙ ገና ወጣት ነው፤ ከኋላው ክላሽ ያነገተ ፖሊስ ይከተለዋል። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ ያ ጎረቤታችንም አለ። ሹሙ የሰሌኔን ጫፍ ገለጥ አደረገና፣

«እማማ፣ ይኼስ ምንድን ነው?»

«ላሜራው እስኪመጣ ነው፣ የኔ ጌታ። መንገድ ላይ ነው።»

«ሰሌንም ደንቡ ነው እንዳይሉኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሹሙ ሰሌኑን አወረደው። በሩን ገፋ፤ አልነቃነቅ አለው። በእግሩ መታው፤ ንቅንቅ የለም። ከዚያ በዘንጎቹ መሃል እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ።

«አባቴ፣ እጅ ከገባ ጠብመንጃስ አይወጣም ይላሉ?»

«እሱን አልሞከርሁም» አለ አያትሽ።

«እንሞክረዋ!»

በሩ ተከፍቶለት ፖሊሱ ጥይቱን አራግፎ ክላሹን ይዞ ገባ፤ አያትሽ ከውጭ ቆለፈበት። ይኼኔ አንዲት ባልቴት «እሰይ! ፖሊስ ታስሮ አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ!» አትልም? ሰው በሳቅ ፈነዳ። ፖሊሱም ከውስጥ «እማማ፣ ስንቅ ያቀብሉኛ!» አላት።

ወዲያው ግን ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጠጋ። አፈሙዙ በዘንጎቹ መሃል ብቅ አለ። መጣ፣ መጣ… ካዝናው ጋ ሲደርስ ያዘው። እሰይ ስል ካዝናውን ነቀለው! እንደገና ገፋ። መጣ፣ መጣ… እመቤቴ ድረሺ! እጀታው ጋ ሲደርስ ቀጥ! አዞረው፣ ገለበጠው፣ በሰደፉም በኩል ሞከረው፤ ወይ ፍንክች!

«ይኼ በር እኔንም ጠብመንጃዬንም ይዞናል፤ ክፈቱልኝ» አለ።

ሹሙ ወደ አያትሽ ዞሮ «ታዲያ ላሜራ ምን ያደርግልዎታል? ደንቡ የሚቆለፍ የብረት በር አለ እንጂ ዓይን አይግባበት አላለም። ፍኖተ ሰላም መጥተው ፈቃድዎን ይውሰዱ» አለው።

እልልታዬን ለቀቅሁት! እግሬ ምድር አልነካም ብል ይሻላል። አያትሽ በሩን ይዞ ዝም ብሎ ይስቃል። ያ ጎረቤታችን ደግሞ ግንባሩን ዘንጎቹ ላይ አስደግፎ ወደ ውስጥ ያያል። ጉጠቱን፣ መዶሻውን፣ ሞረዱን፣ ሁሉንም አየ። «እንዲህ ከሆነማ» አለ።

ፈቃዱ በመጣ ማግስት ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ጠብመንጃውን ሲያወርድ አያትሽ እጁን ዘረጋ።

«ፈቃድህን አሳየኝ።»

«ምን? አያ፣ እኔ እኮ እዚህች ደንጋይ ላይ ነው ያደግሁት!»

«ደንጋዩን መች ጠየቅሁህ።»

እያጉረመረመ ከደረት ኪሱ አወጣ። አያትሽ አይቶ መለሰለት፤ በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ ሥራውን ጀመረ። ሰውዬው ደንጋዩ ላይ ቁጭ አለና፣ በፍርግርጉ እያየው፣ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ።

ላሜራውማ ከች ያለው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው! ምን እናድርገው? ከደንጋይዋ በላይ ጥላ አደረግነው። አሁን ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሲወርድበት ጆሮ ያደነቁራል። ከሥሩ የተቀመጡት እየጮኹ ያወራሉ፤ አያትሽም ከዘንጎቹ ወዲያ ሞረዱን አንሥቶ «ምን አላችሁ? አልሰማሁም፣ ድገሙት!» ይላቸዋል።