ዋስ ፍለጋ፤ ከነቀምቴ እስከ ኡኬ

ሐሙስ ማለዳ፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ተብለን ነበር፤ እኔ ግን በጨለማ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። መቀመጥ አይሆንልኝም። ሚስተር ቶማስ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ይጠብቃል። ትናንት ማታ «አይርፈድብን» ብዬ ሦስት ጊዜ ስነግረው ሦስቱንም ጊዜ «እሺ» ብሎኛል።

ቶማስ ከደቡብ ሕንድ ነው የመጣው። ታናሽ ወንድሙ ማቲው ነቀምቴ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ እኔም እዚያ አማርኛ ሳስተምር በአንድ ግቢ ኖረናል። እኔ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርኩ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት፣ ማቲውን ወባ ገደለው። ቀሪ ደመወዙ ነቀምቴ ግምጃ ቤት ተቀምጧል። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ለውጭ አገር ሰው ጥሬ ገንዘብ በእጁ አልሰጥም፣ ቼክ እጽፍለታለሁ፣ ቼኩን የሚያስገባበት ሒሳብ ነቀምቴ ባንክ በስሙ ይክፈት ብሏል። ሕንድ ያሉት የማቲው ሚስትና ሁለት ሴት ልጆቹ ያንን ገንዘብ እየጠበቁ ነው፤ የተከራዩትን ቤት ልቀቁ ተብለዋል። የቶማስ የመቆያ ፈቃድ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ቋንቋውንም አገሩንም ስለማውቅ እኔ አብሬው እሄዳለሁ አልኩ።

እስከ አምቦ መንገዱ ደህና ነው። ከጉደር ድልድይ በኋላ አቧራው ጀመረን። ጌዶ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ባኮ ስንወርድ ኮታችንን አወለቅን። ጥር ስለሆነ ቡና የጫኑ የጭነት መኪኖች ከፊታችን እየመጡ አቧራቸውን ያለብሱናል። ቶማስ የየተራራውን ስም ይጠይቀኛል። የማላውቀውን ሾፌሩን እጠይቃለሁ፤ ሾፌሩም ሲሰለቸው «ተራራ ነው በለው» አለኝ።

ሲሬን በአሥር ሰዓት፣ ጉቴን ፀሐይ ስትጠልቅ አለፍን። ነቀምቴ ስንገባ ጨልሟል። አልጋ ሁለት ብር።

ዓርብ ጠዋት፣ ነቀምቴ

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከሸዋ የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው የቶማስን ፓስፖርት ገጽ በገጽ አዩት።

«ጎብኚ ናቸው» አሉኝ።

«አዎ። የወንድማቸውን ገንዘብ ለመቀበል ነው።»

«ማቴዎስን አውቀው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ለጎብኚ ሒሳብ አልከፍትም አልልም። ግን ከዚህ ከተማ የሆነ፣ እኛ ዘንድ ሒሳብ ያለው ሰው ዋስ ይሁናቸው።»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎ አሁን የአዲስ አበባ ሰው ነዎት» አሉኝ፣ በትሕትና።

የድሮው ዲሬክተራችን ጋ ሮጥኩ። በደስታ እፈርማለሁ አሉ፤ ግን ደመወዛቸውን የሚያስቀምጡት ሣጥን ውስጥ ነው። ወደ ባንኩ ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ አሰቡና አንድ ስም ሰጡኝ፤ ኦቦ ደበላ፣ ቡና ነጋዴ። ዛሬ ለገበያ ጉቴ ናቸው። ሰኞ ወደዚህ ብቅ ይሉ ይሆናል፤ ወይም በቀጥታ ወደ ጊምቢ ያልፋሉ፤ በቡና ወራት የነጋዴን መንገድ ማንም አያውቅም።

ቶማስ «ሰኞን ብንጠብቅስ?» አለ። «ወንድሜ የኖረበትንም ከተማ አይ ነበር።»

እኔ የጭነት መኪና ፍለጋ ወጥቼ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጉቴ

በጋቢና ለሁለታችን አንድ ብር። ገበያው መንገዱን ሞልቶታል፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ማር በቅል፣ በርበሬ፣ ቡና በጆንያ። አንዱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፣ ዋጋው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ይቀላቅሉታል።

«ኦቦ ደበላ? አሁን ተነስተው ሄዱ። ነገ የሲሬ ገበያ ነው» አለን አንድ ጫኝ።

ሐሙስ ያለፍኩባትን ሲሬን ረገምኳት። ቶማስ ግን ከአንዲት ቅቤ ሻጭ ፊት ቆሟል። ማን እንደሆነ ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «የማቴዎስ ወንድም? አካም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ! ጋሪ ቱሬ፤ ደግ ሰው ነበር።»

«ምን አድርጎ ነው ደግ የተባለው?» አለ ቶማስ፣ ተርጉምልኝ እያለ።

ተረጎምኩላት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ደግ ነበር እኮ» አለች እንደገና።

ጠላ ሻጯም፣ ጫኙም፣ አንጮቴ የሚሉትን ሥራሥር በቅቤ ያበላን ባለ ሆቴልም ይህንኑ አሉት። ቶማስ እጅ እየነሳ ያመሰግናል፤ ፊቱ ግን ደስ ያለው ሰው ፊት አይደለም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ሲሬ

በሌላ መኪና ጠዋት ሲሬ ገባን። እናቴ ጠብ ያለሽ በዳቦ የምትለው እኔን ነው፤ ዛሬ እውነቷን አስመሰከርኩላት።

መንገድ ዳር አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ሻይ ቤት አላቸው። ማቲው ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አውቶቡሱ ምሳ የሚቆመው እዚያ ነበር። ቶማስን አስቀመጥኩትና ወደ ገበያው ሮጥኩ። የኦቦ ደበላ መኪና ተጭኖ ሸራ እየለበሰ ነው። ባለቤቱ ወዲያ ጥግ ከደላላ ጋር ይነጋገራሉ አሉኝ። ብቻዬን ሄጄ ምን እላቸዋለሁ? ዋስ የሚሆኑለትን ሰው ማየት አለባቸው። ተመልሼ ሮጥኩ።

ቶማስ ፊት ሻይ ቀርቧል። አዴ ጫልቱ የማቲውን ስም ጠርተው፣ በእጃቸው አንድ ነገር እያሳዩ ሊያወሩት ጀምረዋል፤ ቋንቋው ባይገባውም ወደ ፊት አዘንብሎ ይሰማል።

«ተነሱ፣ እንሂድ» አልኩት።

«አንድ ጊዜ። የሚሉትን ተርጉምልኝ።»

«መኪናው ሊሄድ ነው!»

«አንድ ደቂቃ ብቻ» አለና ወደ እሳቸው ዞረ።

ክንዱን ይዤ አስነሳሁት። ሻዩ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። በር ላይ ስንደርስ የጭነት መኪናው በፊታችን አልፎ አቧራውን አለበሰን። ያኔ አፌን መዝጋት አቃተኝ። «ወንድምህ ሞቷል! ሻይ ቤት ለሻይ ቤት በመዞር አታስነሳውም» አልኩት። በእንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አንድ ነው፤ እኔ ግን ያልኩት አንተ ነበር፤ እሱም ገባው።

ቶማስ በመሐረቡ ሱሪውን ጠርጎ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አዴ ጫልቱ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ያልገባቸው ግን ቃሉ ብቻ ነው።

«አብሮ የመጣ ሰው እንዲህ አይነጋገርም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ደበላ ነገ ኡኬ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚያ ስለሆነ እሁድ የሚጸልየው እዚያ ነው።»

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ የሾፌሩን ረዳት መሐል አድርገን ተቀመጥን። ሾፌሩ ሁለታችንንም አይቶ ማፏጨቱን ተወ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙም አልቀናኝም።

እሁድ፣ ኡኬ

ወደ ኡኬ የሚወስደው በበጋ ብቻ የሚኬድበት መንገድ ነው፤ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ሙቀቱም ሌላ አገር የገባን ያስመስላል። የቆርቆሮ ጣራ ካለው ጸሎት ቤት የኦሮምኛ መዝሙር ይሰማል። ቶማስ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ውጭ ተንጎራደድኩ።

ኦቦ ደበላ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ከበሩ እንደወጡ ቀረብኩና ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ በግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር ወዳለው ጥላ አዩ፤ ከጸሎት ቤቱ የወጣው ቶማስ በአንዱ ወገን ተቀምጧል፣ የኔ ኮት በሌላው ወገን ተሰቅሏል።

«ተኳርፋችኋል» አሉ።

«እኛ የመጣነው ለባንክ ጉዳይ ነው።»

«ባንኩ ዛሬ ዝግ ነው። ተኳርፈው ለመጡ ሰዎች እኔ ቃል አልሰጥም። አራራ ይቀድማል፤ እርቅ። ታኢ፣ ተቀመጥ።»

ሁለት ሽማግሌዎች ጠሩ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ የተበደለው ይናገራል፣ የበደለው ሳያቋርጥ ይሰማል። ያልገመትኩት አንድ ነገር ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንግሊዝኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ክሴን ራሴ ልተረጉም ነው።

ቶማስ ቀስ ብሎ፣ እኔን ሳያይ ጀመረ። እኔም እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ሽማግሌዎቹም አንድ ቃል እንዳልሰርቅ አፍ አፌን ያዩኛል።

«ወንድሜ እዚህ አገር ኖረ፣ እዚህ ሞተ። ለእኛ የሚጽፈው ስለ ዝናቡና ስለ ጤናው ብቻ ነበር። በሄድኩበት ሁሉ ደግ ነበር ይሉኛል። ደግ ለሞተ ሰው ሁሉ ይባላል። ያች ሴት አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ነበር። ይህ ሰው…»

ይህ ሰው እኔ ነኝ።

«ይህ ሰው ጎትቶ አስነሳኝ። ወንድምህ ሞቷል አለኝ። መሞቱን እኔ አላውቅም?»

የመጨረሻውን በራሴ አፍ ስሰማው ትናንት ካልኩት ይልቅ ከበደኝ። ሽማግሌዎቹ የኔን ወገን ሲጠይቁኝ «አጥፍቻለሁ» አልኩ። ተነስቼ ቶማስን ጉልበቱን ልይዝ ስል አልፈቀደልኝም፤ አቀፈኝ። ማር በሳህን መጣ፤ ከአንድ ሳህን በላን።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ደበላ አፋቸውን ጠርገው ወደ ቶማስ ዞሩ።

«ማነው ማቴዎስን ደግ ነበር ያለህ? ግትር ነበር። ልጄን በሒሳብ ሁለት ጊዜ ጣለብኝ። እኔ ለትምህርት ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ክፍሉ ድረስ ሄድኩበት። በተማሪ ፊት ምን አለኝ? ‹ቆርቆሮው ዝናብ ይከለክላል፤ መደመር አያስተምርም።›»

ቶማስ ትርጉሙ ሲደርሰው ቀና አለ።

«ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳሁት። ሽማግሌ ገባና እዚህ አስታረቀን። በእርቁ ላይ እንኳ፣ ‹ስለ ንግግሬ ይቅርታ፣ ማርኩን ግን አልለውጥም› አለ። በማግሥቱ ማታ ነቀምቴ በሬን አንኳኳ። ክረምቱን በሙሉ እየመጣ ልጁን በነፃ አስተማረው። ባለቤቴ ወጥ ስታቀርብለት በርበሬ ጨምሪ ይላታል። ጨመረች። ጨምሪ አለ። እኔ ዓይኔ እያለቀሰ እሱ ይስቃል። ሲሄድ በመንገዱ ይዘፍናል፤ ዜማውን ግን አንድ ቀን አልያዘውም።»

ቶማስ ሳቀ። ካወቅሁት ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «እሱ ነው» አለ። «ይኸው እሱ ነው። እናታችን አትዝፈን ብላ ትለምነው ነበር።» ያንንም ተረጎምኩ፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁ።

«ያልተጣላሁትን ሰው አላውቀውም» አሉ ኦቦ ደበላ። «ማቴዎስን አውቀዋለሁ። የሱ ወንድም ነህ፤ ዋስህ ነኝ። ጊምቢ ትቆየኛለች።»

እስኪመሽ ተቀመጥን። የሚተረጎመው ብዙ ነበርና ሰዓቴን አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት፣ ነቀምቴ

ባንኩ ሲከፈት ሦስታችንም በሩ ላይ ነበርን። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ቲኬት ትናንት ማታ ቆርጫለሁ። ሻንጣዎቻችንን ለረዳቱ አስረክቤ ነው የመጣሁት።

ሥራ አስኪያጁ ብዕራቸውን አነሱ። «ኦቦ ደበላ፣ ከእኚህ ሰው ጋር ምን ዝምድና አላችሁ?»

«ከወንድማቸው ጋር ተጣልተን ታርቀናል።»

ብዕሩ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ምንም ሳይጠይቁ ጻፉ፤ ኦቦ ደበላም ፈረሙ። ግምጃ ቤቱ ዓርብ ጠዋት የጻፈልን ቼክ ገባ። ገንዘቡ በዚህ ሳምንት ለማቲው ሚስት እንደሚላክ አረጋገጡልን። እኔ በእፎይታ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ጸሐፊው የሒሳብ ደብተሩን አመጣ። ቶማስ ከፍቶ ስሙን አየ። አንድ ጊዜ፣ እንደገና። ከዚያ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ። ድምፅ አውጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው። ሥራ አስኪያጁ ግራ ተጋብተው የተሳሳተ ነገር ጽፈናል ወይ አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ጠየቅሁት።

«እስካሁን የማቲው ገንዘብ ነበር» አለኝ። «ስጽፍም ስናገርም የማቲው ነው የምለው። አሁን የኔ ስም ተጻፈበት። እሱ የለም ማለት ነው።»

ለኦቦ ደበላ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቡ ተቀመጡ። አላባበሉትም።

ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ «አዲስ አበባ! ሰው እየጠበቃችሁ ነው!» አለ። እጄ በልማዱ ወደ ቶማስ ክንድ ሄደ። ኦቦ ደበላ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዺሲ፤ ሃ ቦኡ» አሉኝ። ተወው፤ ያልቅስ።

ረዳቱን ተከትዬ ወጣሁና ሻንጣዎቻችንን አውርድልን አልኩት።

«ቲኬታችሁ ይቃጠላል» አለኝ።

«ይቃጠል» አልኩት። ተመልሼ ገብቼ በቶማስ ሌላ ጎን ተቀመጥኩ።