ዐሥር ዓመት ያልሞላው ቤት

ኢርምትራውድ ሙኒክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ትራም ነድታለች። የቤቷ ጣሪያ የተከደነው በእሷ ደመወዝ ነው፤ የምድር ቤቱን ሲሚንቶም በእጇ አቡክታለች። የመሬት መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን የባሏ የሎታር ስም ብቻ ነበር፤ ቦታው የአባቱ ነዋ። "ግማሹን በስሜ አድርገው" ባለችው ቁጥር ሎታር ይስቃል።

"የኔ ያንቺ አይደለም እንዴ? ለውል አዋዋይ ገንዘብ የምበትነው ምን በወጣኝ!"

ሎታር ሞተና ቤቱን ወረሰች። ግብር አልተጠየቀችም፤ ዐሥር ዓመት እዚያው መኖር ግን ግዴታዋ ሆነ። ቀድማ ከወጣች የውርስ ግብሩ ሙሉ በሙሉ ይመጣባታል። የከተማው ቤት ደግሞ ዋጋው ሰማይ ስለነካ፣ ግብሩ ያላትን ጥሪት ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

ሎታር በሞተ በስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ጉልበቷ ከዳት። መኝታውም መታጠቢያውም ፎቅ ላይ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ደረጃ። ልጇ ሪካርዳ ከምትኖርበት አጠገብ ደረጃ የሌለው ቤት ሲለቀቅ፣ ኢርምትራውድ በሕመም ለሚወጣ ሰው ግብሩ ይቀራል ሲባል ሰምታ፣ የሐኪም ወረቀቷን ይዛ ግብር ቢሮ ሄደች።

"ወይዘሮ ክራይትማየር፣" አላት ወጣቱ ሠራተኛ፣ "ሐኪምዎ 'ደረጃ በችግር ትወጣለች' ነው ያሉት። 'መውጣት አትችልም' አላሉም።"

"በቂጤ እየተንፏቀቅሁ ነው የምወርደው። እሱም ይጻፍልዎት?"

"እሱም ቢሆን መውረድ ነው።"

"ባሌ በቁሙ ሰጥቶኝ ቢሆንስ ኖሮ?"

"ያኔማ ግብርም የለ፣ ዐሥር ዓመትም የለ። በማግስቱ መሸጥ ይችሉ ነበር።"

ደሟ ፈላ። ያው ባል፣ ያው ሚስት፣ ያው ቤት! በሕይወት ያለ ባል የሰጠው ነፃ ነው፤ የሞተ ባል የተወው ግን የእግር ብረት ይሆናል። ሲሚንቶውን ማን እንዳቦካ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ሪካርዳ መኪናው ውስጥ ትጠብቃት ነበር።

"እማዬ፣ ፍርድ ቤት እንክሰሳቸዋ!"

"ፍርዱ እስኪመጣ ዐሥሩ ዓመት ይሞላል። ያንን ደረጃ የሌለውን ቤት ለሌላ ሰው ያከራዩት፣ እኔ ቀርቻለሁ።" ወደ ልጇ ዞር አለችና፣ "ያንቺና የባልሽስ ቤት በማን ስም ነው?"

"በቫልዴማር ነው። ግን እኮ እኛ እንዋደዳለን።"

"አባትሽ አይወደኝም ነበር?"

ሪካርዳ ቁልፉን ልታዞር ስትል እናትየው እጇን ያዘቻት። "ሞተሩን ተዪው። መጀመሪያ ውል አዋዋዩ ጋ ደውዪ።"

ልጅቷ ደወለች፤ ለሐሙስ ተቀጠረች።

ቤት ሲደርሱ ኢርምትራውድ "አትደግፊኝ" ብላ ደረጃውን በአራት እግሯ ተያያዘችው። ዘጠነኛው ላይ ትንፋሿ አጠረ። ከፊቷ የሚስቅ የሎታር ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

"ምን ያስቅሃል?" አለችው። "ዐሥራ አምስት ወር ቀርቶኛል።"

ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዞረችውና ዐሥረኛውን ደረጃ ጨበጠች።