ለዘይነባ ያልሰጠሁት መልስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሕግ መምህርት ደሴ ሸዋ በር ወዳለው ቢሮዬ መጣች። ወጣት ናት፤ ዝናብ የነካውን ነጠላዋን አራግፋ አንድ ጥራዝ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። የብዙ አገሮችን ሕግ የሚያነጻጽር ጥናት ነው፤ የፈለገችው በደሴና በኮምቦልቻ ለጠያቂነት የሚሆኑ ልጆች እንድጠቁማት ነበር። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል መመሪያ አገኘሁ፦ «ጠያቂው ታሪኩን ቃል በቃል ያነባል። አያብራራም፤ አይመክርም፤ ተጠያቂው ለሚያነሳው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።»

ጥራዙን ዘጋሁት። በጋዜጠኝነት ሙያዬ ጎርፍም፣ ጦርነትም፣ የፍርድ ቤት ውሎም ዘግቤአለሁ፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ ልማዴ አይደለም። መምህርቷ ፊቴን አይታ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ተናድጄ ነበር፤ ንዴቱም የቆየ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩበት ክረምት ነበር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጦሳ ተራራ ለሳምንታት ከጉም አይወጣም፤ ጠዋት ካፖርት የለበሰ ሰው ማታም አያወልቅም። አንድ የውጭ ጥናት ጠያቂዎች ይፈልጋል ሲባል ቀድመው ከተመዘገቡት አንዱ ነበርኩ።

አስተባባሪያችን አቶ መላኩ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነበር። «የአገሮችን ሕግ በስሙ ብታነጻጽሩ ትሳሳታላችሁ» አለን በሥልጠናው ቀን። «አንዱ አገር ያለው ዳኝነት ሌላው ዘንድ የለም። ስለዚህ ስሙን ተዉት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ችግር ስጡና እያንዳንዱ አገር እንዴት እንደሚፈታው እዩ።» ሐሳቡ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሞኝነት ነው አልልም። እንጀራንና ሩዝን በስማቸው ከማወዳደር የትኛው ስንት ሰዓት ሳያስርብ እንደሚያቆይ መጠየቅ ይሻላል።

በየአገሩ የሚነበበው ችግር ይህ ነበር፦ ሴትዮ «ሀ» ከባሏ ጋር ከተማ ውስጥ ቤት ሠሩ። ካርታው በባል ስም ወጣ። ባል ሞተ። ወንድሞቹ ቤቱ የእኛ ነው አሉ። ሴትዮ «ሀ» ወዴት ትሄዳለች? እዚያስ የሄደችው በምን ምክንያት ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ ሁለት ሳጥን ብቻ ተሰጥቶናል፦ «በፈቃዷ» እና «ሕግ ስለሚያስገድዳት»።

«እናንተ የትኩሳት መለኪያ ናችሁ» አለ አቶ መላኩ። «መለኪያ በሽተኛ አያክምም። ያልገባው ሰው ካለ እንደገና አንብቡለት። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምሩ።»

ሥራዬን የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው። ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት የሚኒባሱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ጠመዝማዛውን ስንጨርስ ጉሙ ከላያችን ቀረ፤ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራቤን አወለቅኩ። መናኸሪያው በር ላይ ሴቶች የቁልቋል በለስ እየላጡ ይሸጡ ነበር። ሦስት በላሁ። አንዲት ደቃቅ እሾህ ከንፈሬ ላይ ቀርታ ቀኑን ሙሉ ስትቆጠቁጠኝ ዋለች።

ጠዋት ያነጋገርኳቸው አንድ የመደበኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። እኒህ ሰው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ነገሩን አፍታተው ነገሩኝ። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ ከተሠራ ካርታው በማንም ስም ይሁን ግማሹ አስቀድሞ የሴትየዋ ነው፤ ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ነው። ተከራካሪዎቹ ሙስሊሞች ከሆኑ ቃዲ የሚዳኝበት ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሊያየው ይችላል፤ ግን ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ብቻ። «ገና ሳይጀመር ‹አልፈቅድም› ካለች መዝገቡ ወደ እኛ ይመጣል» አሉ። «አንዴ ፈቅዳ ከተጀመረ ግን መመለሻ የለውም።» ሁሉንም ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ለጥያቄው ዕጣ የወጣለት ቤት የዘይነባ ነበር። ባሏ ከሞተ ዓመት ያልሞላት፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ ምናልባት ሠላሳ ያልደፈነች ሴት ናት። ግቢው ውስጥ ጎረቤቷ እትዬ ጥሩነሽ አብረዋት በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ወረቀቴን ሲያዩ ሳቁ።

«ይኸው ደግሞ ጸሐፊ መጣልሽ! ያለፈው ዶሮሽን ቆጥሮ ሄደ፤ ዶሮዋ ግን አልጨመረች።»

«ኧረ ይተዉት፣ እንግዳ ነው» አለች ዘይነባ፣ መቀመጫ ዱካውን እየጠረገችልኝ። «አረፍ በል ወንድሜ።»

ታሪኩን ቃል በቃል አነበብኩ። «ወንድሞቹ ቤቱ የእኛ ነው አሉ» ከሚለው ስደርስ እጇ በርበሬው ላይ ቆመ።

«የኔን ነገር ማን ነገረህ?»

«የማንም አይደለም። ለሁሉም የሚነበብ ነው።»

«ወላሂ የኔ ነው! ይህን ቤት የአባቴን ሁለት በሬ ሸጬ፣ ጭቃውን በእግሬ ረግጬ ነው የሠራሁት። አሁን የባሌ ወንድሞች ነገ ቃዲው ዘንድ ቅረቢና ‹ፈቅጃለሁ› ብለሽ ፈርሚ ይሉኛል። አልፈቅድም ያለች ሴት ከዲኗ ወጣች ማለት ነው አሉኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያቺ ያነበብክልኝ ሴትዮ ‹አልፈቅድም› ብትል ምን ትሆናለች?»

መልሱ እጄ ላይ ነበር። ቀለሙ ገና ያልደረቀ፣ ዳኛው በራሳቸው አፍ የነገሩኝ መልስ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጥያቄውን እንደገና አነበብኩላት፦ «ሴትዮ ‹ሀ› ወዴት ትሄዳለች?»

ዘይነባ እጇን ወደ በርበሬው መለሰች። «እንግዲህ ቃዲው ዘንድ ትሄዳለቻ» አለች። «ሌላ የት ትሄዳለች?»

እትዬ ጥሩነሽ መቀንጠሳቸውን ትተው አፍጥጠው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ የምታውቀው ነገር ካለ ለምን አትነግራትም?»

«አልተፈቀደልኝም እትዬ።»

«የተማረ ይግደለኝ ይሉ ነበር» አሉ፣ ወደ በርበሬያቸው እየተመለሱ። «ገደለን።»

ሁለቱን ሳጥኖች አየሁ። ያስገደዳት ሕግ የለም። ስለዚህ «በፈቃዷ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አመስግኜ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ደሴ ስደርስ አቶ መላኩን ፉል ሲበላ አገኘሁትና ነገሩን ነገርኩት።

«አልነገርካትም አይደል?» አለ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

«አልነገርኳትም። ግን ቀጠሮዋ ነገ ነው።»

«ጎሽ። ብትነግራት ኖሮ የለካነው የአገሩን ሕግ ሳይሆን አንተን ይሆን ነበር። በሌሎቹ አምስት አገሮች ጠያቂዎቹ ዝም ብለው አንተ ብቻ ብትናገር ንጽጽሩ ተበላሸ ማለት ነው። ነገ ኩታበር ወረዳ ነህ፤ በጊዜ ተኛ።»

ሰውየውን ክፉ ነው ብዬ ልገላገል ብችል ደስ ባለኝ። ክፉ አልነበረም፤ በሥራው የሚያምን ሰው ነበር። እኔም መንገዱ በናዳ አልተዘጋብኝም፤ አልታመምኩም፤ መኪና አላጣሁም። ማለዳ ተነስቼ አንድ ሰዓት ያልሞላ መንገድ ወርጄ፣ አንዲት ቃል ተናግሬ መመለስ እችል ነበር። ኩታበር ሄድኩ። ገብሱ አረንጓዴ ነበር፤ ሰዎቹ ትኩስ ድንች ጋበዙኝ፤ በላሁ።

ወሩ ሲያልቅ መልሶቹን እንደገና ለማጣራት ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ በዘይነባ ግቢ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እትዬ ጥሩነሽ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ነገሩኝ። በማግስቱ ሄዳ የጣት አሻራዋን አኑራለች። ቤቱ የባሏ ተብሎ ከስምንት አንድ እጅ ደርሷታል። ወንድሞቹ የእሷንና የልጆቿን ድርሻ ግምቱን ሰጥተው አስወጥተዋታል፤ ከልጆቿ ጋር ከወንዙ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይታለች።

ቃዲውን ለማጣሪያው አገኘኋቸው። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ረጋ ያሉ አዛውንት ናቸው። ስለ ዘይነባ ስጠይቃቸው ተከዙ። «ፈቅደሽ ነው ወይ አልኳት፤ አዎ አለች። ዲኑ እኮ የራሷን ሀቅ አይነካባትም፤ ቤቱ ላይ ያወጣሁት ገንዘብ አለ ብላ ምስክር ብትቆጥር አስቀድሜ ለይቼ እሰጣት ነበር። ዝም አለች። የነገራት የለም ማለት ነው።» ከዚያ ቀና ብለው «አንተ ቤቷ ሄደህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥናቱ በኋላ ታትሞ ደረሰኝ። አገሮቹ ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ተደርድረዋል። በእኛ ረድፍ «ተከራካሪዎች ዳኝነቱን በነጻ ፈቃዳቸው ይመርጣሉ» ይላል። ከተቆጠሩት ምልክቶች አንዱ የኔ ነው። በሕጉ ወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ በሰንጠረዡም ላይ ትክክል ነው። ዘይነባ ላይ ብቻ ውሸት ነው። በስድስቱ አገሮች ስንት እንደ እርሷ ያለች ሴት፣ ስንት እንደኔ ያለ ዝም ያለ ልጅ እንደነበረ ሰንጠረዡ አይናገርም፤ ለዚያ ሳጥን አልተሠራለትም።

ከዓመታት በኋላ፣ ጋዜጠኛ ሆኜ፣ ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። እኔ አንገቴን ልደፋ ስል ቀድማ ለየችኝና ሰላም አለችኝ፤ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቀችኝ። ይቅርታ ልላት ጀመርኩ። «አብሽር፣ አላህ የጻፈው ነው» ብላ አቋረጠችኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን እየመረጠችልኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦ «ያቺ ያነበብክልኝ ሴትዮ ግን ቤቷን አገኘች?»

ይህን ሁሉ ለመምህርቷ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጥራዙን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ምን ቢጨመርበት ይሻላል?» አለች። እስክሪብቶ አንስቼ ከመመሪያው ሥር ጻፍኩ፦ «ምልክቱ ከተደረገ፣ ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ ተጠያቂዋ ከጠየቀች ጠያቂው የሚያውቀውን ይነግራታል፤ የማያውቀውንም የሚያውቅ ሰው ያሳያታል።»

አነበበችው። እንደገና አነበበችው። «ውጪ ያሉትን የጥናቱን ባለቤቶች ማስፈቀድ አለብኝ» አለች። «ደግሞ ጋሼ፣ ይህን እኛ ብቻ ካደረግን ውጤታችን ከሌሎቹ አገሮች ጋር አይነጻጸርም ይላሉ።»

«አይነጻጸር» አልኳት።

የጠያቂ ልጆችን ስም እስካሁን አልሰጠኋትም። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።