አባቴ ስለ ይስሐቅ ያነበበልን ቅዳሜ

የደረቀ ሣር ሲቃጠል የሚነሳው ሽታ እዚህ አሶሳ ደጃፌ ድረስ ሲመጣ፣ ልቤ ሳልፈልግ ድባጤ አጠገብ ወደነበረው የአባቴ ቤት ይመለሳል። ገና አልፎ፣ አዝመራው ገብቶ፣ ሜዳው ሁሉ በቃጠሎ በሚጠቁርበት ወራት፣ አባቴ ኦሪትን ከመጀመሪያው አንስቶ ያነብልን ነበር። ቅዳሜ ሰንበት ነውና አይታረስም፤ ጧት ጧት ከቤቱ ጥላ ሥር አጎዛ አንጥፎ፣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ሞላን ከፊቱ አስቀምጦ፣ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብቻ ያነብ ነበር። ሲጨርስ «አንቺስ ምን ደረሰሽ?» ይለኛል። ከተነበበው ውስጥ ለራሳችን የሚሆን ነገር ፈልገን ካልተናገርን ከተቀመጥንበት አንነሳም ነበር።

የኖኅ ታሪክ የደረሰ ዕለት ሞላ «እኔ ኖኅን ብሆን ይቺን አልቃሻ አላሳፍራትም፤ መርከቡን በእንባዋ ትሞላዋለች» አለ።

አባቴ ሳቀና «ቀልዱን ተወውና የደረሰህን ተናገር» አለው።

እኔ ግን አልቀልድም ነበር፤ ውኃ ስቀዳም እንጨት ስለቅምም የቅዳሜውን ቃል እያመላለስኩ ሳምንቱን እገፋዋለሁ። አባቴ «ይቺ ልጅ ለትምህርት ነው የተፈጠረችው» ሲለኝ ሌላ ነገር አልመኝም ነበር።

ዝናቡ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አራተኛ ክፍልን አልፌ ነበር። መንደራችን ውስጥ ከዚያ በላይ ትምህርት ስላልነበረ፣ አባቴ አሶሳ ከምትነግደው እህቱ ከእትዬ የሺ ዘንድ ሄጄ እንደምማር ነገረኝ። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ተራው የአብርሃምና የይስሐቅ ሆነ። ይስሐቅ እንጨቱን ተሸክሞ ከአባቱ ጋር ሲወጣ የአባቴ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ሲጨርስም ምን ደረሰሽ አላለኝም።

ሳልጠየቅ «አባዬ፣ ይስሐቅ አባቱን አመነው፤ እኔም አሶሳ ስሄድ አልፈራም» አልኩት።

መጽሐፉን ዘጋና በሬዎቹን ልያቸው ብሎ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ደህና በመናገሬ የተደነቁ መስሎኝ ኮራሁ።

መስከረም ሲጠባ የአሶሳ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ፣ የእትዬን ሕፃን አዝዬ በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር።

አንድ ቀን «እትዬ፣ እኔ መቼ ነው የምመዘገበው?» አልኳት።

«የምን ምዝገባ? ልጅ ልትይዥልኝ አይደል እንዴ የመጣሽው? እኔና አባትሽ እኮ ገና በጥምቀት ነው የተነጋገርነው። አልነገረሽም?» አለችኝ፤ እሷም ደንግጣ።

ጥምቀት ያለፈው የኖኅን ታሪክ ሳንጀምር ነበር። በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች አባቴ እያወቀ ለትምህርት ተፈጥረሻል ይለኝ ነበር ማለት ነው። ሞላ ድባጤ ከተማ ቤት ተከራይተውለት ተማረ።

ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ። ልጄን ሱቅ እንኳ ስልካት የምትሄድበትን ደጋግሜ ሳልነግራት አልሰዳትም፤ «እሺ እማ፣ ሰማሁ» ትለኛለች ተሰላችታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደሉን እየጎተትኩ አነብላታለሁ። ያኔ ከዚያ ምዕራፍ የደረሰኝ የልጁ እምነት ነበር፤ አሁን የምፈልገው ከተራራው ሲወርዱ ይስሐቅ አባቱን ምን እንዳለው ነው። መጽሐፉ አብርሃም ወደ ብላቴኖቹ እንደተመለሰ ይናገራል፤ ስለ ልጁ ዝም ይላል። አባቴ አርጅቷል፤ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እግሩን አጥባለሁ፣ መኝታ አነጥፍለታለሁ፤ ስለዚያ ቅዳሜ ግን እሱም አይጠይቀኝም፣ እኔም አልነግረውም።