በጀት የሚሉት ወንዝ

በጀት ምን እንደሆነ የተማርኩት በሻይ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ነበረችኝ። ዓመቱን ሙሉ «ገንዘብ የለም» ሲሉ የከረሙ ኃላፊዎች ሰኔ ሲገባ ድንገት እጃቸው ይፈታል፤ እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ነዋ። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ይደራረባል፣ «ለዚህን ያህል ሰው ሻይና ዳቦ አዘጋጂ» ይሉኛል። ሐምሌ ሲብት እነዚያው ሰዎች በደጄ ሲያልፉ ሰላምታ እንኳ ይቆጥባሉ። እኔም ለምጄው ነበር፤ የሰኔዋን ይዤ ክረምቱን እሻገራለሁ።

ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው። ያኔ የሚሠራው ደሴ፣ ዞን ነበር፤ በወር አንዴ፣ መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ ከዚያም ቆይቶ እኔና ትንሿ ልጃችን ዘንድ ብቅ ይላል። እዚያ ኪራይ አለ፣ ምግብ አለ፣ የመመላለሻ አለ። ደመወዙ ደሴ ተወልዶ ደሴ የሚቀበር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስነጫነጭበት «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እያለ ያጽናናኛል። አንዱ ባላ ደመወዙ፣ ሌላው ሻይ ቤቴ መሆኑ ነው።

«እኔ ባል እንጂ ባላ መች አማረኝ!» እለው ነበር።

አንድ ሐምሌ ሁለቱም ባላ አንድ ላይ ተነቃነቀ። «በጀት ወደ ወረዳ ወረደ» የሚል ወሬ መጣ። ደንበኞቼ ግማሾቹ «ወረደ ማለት እጃችን ገባ ማለት ነው» አሉ፤ ግማሾቹ «ወረደማ ቀነሰ ነው» ብለው ተከራከሩ። እኔ እንዳየሁት ሁለቱም አልተሳሳቱም። ገንዘቡን ራሱ ማዘዝ የጀመረው ወረዳ ተሰብስቦ መጀመሪያ የቆረጠው የስብሰባ ሻይን ነው። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ በጆግ ውሃ ሆነ። በጣም ተናደድኩ። የአገር ገንዘብ የሚጎድለው በእኔ ሁለት ፔርሙስ ነው እንዴ?

በዚያው ሰሞን ስልክ መጥቶልሻል ተብዬ ከቴሌ ተጠራሁ። ባለቤቴ ነበር።

«መደቤ ታጠፈ። ተንሳፍፌያለሁ» አለኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ተንሳፋፊ ነው የሚሉን። የዞኑ ሠራተኛ ተቀንሶ ወደየወረዳው ሊበተን ነው። ምደባ እስኪወጣ ደመወዝ አለን። ቦታ ያላገኘውን ግን አላህ ያውቃል።»

«የት ይመድቡሃል ታዲያ?»

«ደጎሎ ሊሆን ይችላል፣ ማሻም፣ ኩታበርም። እዚያው አንቺው ዘንድም ሊሆን ይችላል።»

የመጨረሻዋን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንዳታስጎመጀኝ ፈርቶ ነው። እኔ ግን ጎመጀሁ። ደጎሎ ወይም ማሻ ከሆነ እንደገና ኪራይ፣ እንደገና መንገድ፣ ያውም ሻይ ቤቴ በቀዘቀዘበት ጊዜ። እዚህ ከሆነ ግን አንድ ቤት፣ አንድ ድስት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ባጠብኩ ቁጥር ዱዓዬ እሷው ሆነች።

እናቱ የሚኖሩት ወደ ዓባይ በሚወርደው በኩል፣ ገጠር ነው። ልጃቸው ያለበትን ሁኔታ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ በገበያ ቀን ለአንዲት የሰፈራቸው ሴት «ልጅዎ ተንሳፍፏል፣ ምደባ እየጠበቀ ነው፣ አያስቡ በያቸው» ብዬ ላክሁባት። ሴትዮዋ ምደባ የሚለው ቃል ከበዳትና መንገድ ላይ ጣለችው። ያደረሰችው የቀረውን ነው። በዚያ አገር ደግሞ ክረምት ገብቶ፣ ወንዝ ሞልቶ፣ «እገሌ ተንሳፈፈ» ከተባለ የሚጠየቅ ነገር የለም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሙሾ ሰማሁ። የማን ለቅሶ ነው ብዬ ብወጣ አማቴ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የአገር ሰው አስከትለው፣ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ ያልሰማሁትን ሰምተው መጡ ብዬ የባሌን ሞት ከእሳቸው ልረዳ ቆምኩ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ።

«የትኛው ወንዝ ነው ልጄን የበላው? አንቺ ንገሪኝ፣ የትኛው ነው?» አሉኝ ደረታቸውን እየደቁ።

ወንዝ ሲሉ ነው የገባኝ። «እማዬ፣ ወንዝ አይደለም! በጀት ነው!»

ደረታቸውን መምታት አቁመው አዩኝ። «በጀት የሚሉት ወንዝ ደግሞ በየት በኩል ነው? ደሴ ማዶ ነው?»

ከደንበኞቼ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ የሚያቆመው አልተገኘም፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ማንንም ሊያምኑ አልቻሉም። ለቀስተኛውን እንዳለ ይዘን ቴሌ ሄድንና ደሴ አስደወልን።

«አንተ ልጅ! ከውሃው ወጥተሃል?» ብለው ጮኹ።

ምን እንደመለሰላቸው አልሰማሁም። እጀታውን ይዘው ብዙ አዳመጡ፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱ። «ያረብ፣ ምስጋና ላንተ ይሁን» አሉ። ወዲያው ቁጣቸው መጣ። «ሕያው ሰው ተንሳፈፈ ይባላል? ቃል አጥተው ነው?» ሲመለሱ ግን እጄን ያዝ አድርገው «አብሽሪ፣ ደመወዝ ቢነሱት በሬ አለን። ቆሞ ይሂድልኝ እንጂ» አሉኝ። ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ሻይ አጠጣሁ፤ የክረምቱ ትልቁ ስብሰባ እሱ ነበር፣ በነጻ።

ምደባው የወጣው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። መካነ ሰላም! በእልልታ ጎረቤቱን አስደነገጥኩት። ደረጃው ዝቅ ብሏል፣ አበል የሚባለውም ቀረ። የደሴ ኪራይ ሲቀር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዙን በዓይኔ አየሁት። ለእኔም ቀናልኝ፤ እንደሱ ከዞን የወረዱ፣ ሚስቶቻቸውን ደሴ የተዉ ባለሙያዎች ምሳ የሚበሉበት ስላጡ ሻይ ቤቴ ምግብ ቤት ሆነች። የሰው ባል ሳበላ ሚስቶቻቸው እያሳዘኑኝ ወጡን አበዛላቸው ነበር።

እሱ ፍራሹን መኪና ላይ ጭኖ ቅዳሜ ገባ። ሰኞ ጠዋት ትንሿ ልጃችን ቦርሳውን በሁለት እጇ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። አባቷን አንቱ ነበር የምትለው፤ በቤታችን ልማድ ስለሆነ አይደለም፣ እንግዳ አንቱ እንደሚባል ስለምታውቅ ነው።

«መኪናው እንዳያመልጥዎ» አለችው።

«መኪና የለም ዛሬ። መሥሪያ ቤቴ እዚሁ ነው፣ ከእናትሽ ሻይ ቤት ፊት ለፊት።»

ትንሽ አሰበች። «ለምሳ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ወደ ጓዳ ሮጠች።

«እማዬ፣ ለምሳ እመጣለሁ አለ!»

«አሉ» አላለችም። «አለ» ነው ያለችው።