ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን

ወንድሜ እናታችን የላከችለትን ደብዳቤዎች ደሴ ላለው ቤተ መዛግብት ሲያስረክብ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ምስክር እንድሆነው ነው። ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ ዝም የምል መስሎታል። ዕድሜ ልኬን ዝም ስላልኩ በዚህስ አልፈርድበትም።

በዚያ ክፉ የድርቅ ዘመን እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮ ደመወዝተኛ ነበር። እኛ ቦሩ ሜዳ ነበርን። እናታችን ፊደል ስለማታውቅ እሷ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

የቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ መቅረጸ ድምፁን ከፍታ አንዱን ደብዳቤ ጮክ ብላ አነበበች። «ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።»

«ይኸው!» አለ ወንድሜ። «ደህና ነን ነው የሚሉኝ። ተቸገርን ቢሉኝ ኖሮ ዝም እል ነበር?»

ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ትንሿን እህታችንን ቀብረን ስንመለስ ነው። የገደላት ረሃብ ነው። እናቴ ግን መርዶ በወረቀት አይላክም ብላ አላስጻፈችኝም። ያኔ ወጉ እንዲያ ነበር፤ ወረቀቱ ሰላምታ ይይዛል፣ ክፉውን ነገር ወረቀቱን የሚያደርሰው ሰው በአፉ ይናገራል። ለእኛ ደብዳቤውን ይዞልን ኮምቦልቻ የወረደው ጎረቤታችን ነበር።

«ጎረቤታችን ፋብሪካው በር ላይ ምን አለህ?» አልኩት።

«እሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

«እኔ አልሞትኩም። ተመልሶ ለእናቴ ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ። ትንሿ እህታችን በረሃብ መሞቷን ሲነግርህ አልቅሰህ፣ ‹እህል እልካለሁ በላት› ብለህ ሰደድከው። እናቴ መንገድ መንገዱን ስታይ ከረመች።»

«አንቺ ደግሞ! ነገር መቆስቆስ መቼ ይሆን የሚተውሽ?» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ልጄ፣ አጥፊው። ይህ የቤታችን ጉዳይ ነው።»

አላጠፋችውም። አንገቷን እንደደፋች፣ «አባቴ፣ የሞተችው እህትዎ ስሟ ማን ነበር?» አለችው።

«የክርስትና ስሟን ነው የቤት ስሟን?»

«የሚያስታውሱትን።»

አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ስሟን አውቀዋለሁ፤ አልሰጠሁትም። የመቅረጫው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። ኮቱን አንስቶ ወጣ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ስሟን ተናገርኩ። በደንብ እንዲቀረጽ ብዬ ደገምኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደውሎልኛል፤ ስሟን አልጠየቀኝም። እንዴት ነሽ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።